የነኢማ ጣት፣ የረሻድ ስኳር

ይሄ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ከዋሸሁ ከጦር ኃይሎች እስከ ሳንሱሲ በአንድ እግሬ እየዘለልኩ ልሂድ፤ ያውም በክረምት ጭቃ!

ረሻድ የኮልፌ መካኒክ ነው። የሲኖትራክ ጎማ ብቻውን የሚያነሳ ሰውዬ፣ መርፌ ሲያይ ግን እንደ ጨቅላ ያለቅሳል። ስኳር የተገኘበት ቀን ዶክተር እፀገነት መለኪያ ማሽን ሰጠችው። "ጋሼ ረሻድ፣ በየጠዋቱ ጣትዎን ወጋ አድርገው ይለኩ። ቁጥሩን እያየሁ ኪኒኑን አስተካክላለሁ። አልወርድ ካለ ወደ መርፌ እንሄዳለን።"

መርፌ የሚለውን ሰማ፤ ሌላው ሁሉ በጆሮው አለፈ።

በማግስቱ ማሽኑን ይዞ ሚስቱ ነኢማ ፊት ቆመ። "ጣትሽን አምጪ።"

"የታመምከው አንተ፣ የምወጋው እኔ?"

"ለማሽኑ ደም ደም ነው! መታወቂያ አይጠይቅም!"

ቀልድ መስሏት ሰጠችው። ቀልዱ ሁለት ዓመት ቆየ። ነኢማ ጤነኛ ናት፤ ስኳሯ ዘጠና፣ ዘጠና ሁለት፣ ሰማንያ ስምንት። ዶክተሯ ቁጥሮቹን አይታ "ከእኔም ይሻላሉ!" ስትለው ደረቱን ነፍቶ ይወጣል። ላብራቶሪ ስትልከው "ማሽኑ እያለ?" ብሎ ይሾልካል። ጋራዥ ደግሞ አራት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ እየጠጣ "የኔ ስኳር ዘጠና ነው!" ይላል። ጣፋጭ ሽንቱን ብሎ ከሽንት ቤቱ ጀርባ የተሰለፈው ጉንዳን ታክሲ ፌርማታው ላይ ከሚሰለፈው ሕዝብ ይበልጥ ነበር። የነኢማ ጣቶች ወንፊት ሆኑ፤ ቃሪያ ስትከትፍ እንባዋ ይወርዳል። "በቃኝ፣ ለዶክተሯ ንገራት!" ስትለው መልሱ "ትንሽ ቀን ታገሽኝ" ነው።

ከዚያ ውሃ ጥሙ በረታበት፤ ሱሪው ከወገቡ መንሸራተት ጀመረ። አንድ ቀን መኪና ስር እንደተኛ መነሳት አቃተው። ዶክተር እፀገነት ክሊኒክ ሲያደርሱት ነርሷ የራሱን ጣት ወጋች። ማሽኑ ቁጥር መስጠት አቅቶት "ከልክ በላይ" አለ።

"ሁለት ዓመት ሙሉ የማን ደም ነው ሳይ የነበረው?" አለች ዶክተሯ።

ተጠርታ የመጣችው ነኢማ ጣቶቿን ዘረጋች።

ዶክተሯ ቁጭ አለች። "ቆሽትዎ ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩ ሴሎች አሉ። ስኳሩን ከደም የሚያወርደው ኢንሱሊን ነው። ስኳሩ ሲበዛ ያለ እረፍት ይለፋሉ፣ ይደክማሉ። ቶሎ ቢወርድላቸው ያገግሙ ነበር። ሲቆይ ግን ስኳሩ ራሱ ይመርዛቸዋል። አብዛኞቹ ሞተዋል፣ ጋሼ። እውነተኛውን ቁጥር ያኔ ባየው ኖሮ ብዙዎቹን እናተርፍ ነበር።"

"አሁንስ?"

"መርፌ። በቀን አራት ጊዜ።"

"እስከ መቼ?"

"እድሜ ልክዎን።"

ቤት ገቡ። ረሻድ መርፌውን ሆዱ ላይ ቢያስጠጋም መውጋቱ አቃተው። ነኢማ ተቀበለችው።

"አፉ በይኝ" አላት፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

"አፉ ብዬሃለሁ" አለችና ወጋችው።

እሺ፣ አንዲት ነገር ከራሴ ጨምሬያለሁ። ነኢማ "አፉ ብዬሃለሁ" አላለችም። ወጋችው፣ መርፌውን ጠረጴዛ ላይ ጣለች፣ ጣቶቿን እያሻሸች ወጣች።