ራፕ የሌለበት አልበም

«ራፕ የለበትም። ከዳር እስከ ዳር ሰምቼዋለሁ፤ ትንፍሽ የሚል ሰው የለበትም» አለ የሙዚቃ ቤቱ ባለቤት፣ ለቅሶ ቤቱ በር ላይ እንደቆመ። ሟቹ አዝዞት የነበረውን ሲዲ በሁለት እጁ ይዞ ለማን እንደሚሰጠው ግራ ገብቶታል። ለቀስተኞቹ ተያዩ። ለቅሶ ቤት ሲዲ ይዞ የሚመጣ ሰው ጤነኛ አልመሰላቸውም።

ባሏ የሞተባት ሴት ብቻ ብድግ ብላ ተቀበለችው። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች፤ ከዚያ ዝም። ሰውን ሁሉ ያስጨነቀው ይሄ ዝምታዋ ነበር። ባሏ «ሬዲዮዬ» እያለ የሚጠራት፣ እንኳን ሰው አግኝታ ድስት ስታማስልም የምታወራ ሴት፣ ከቀብሩ ወዲህ ከ«እግዜር ይስጥልኝ» የዘለለ ቃል ከአፏ አልወጣም።

ሟቹ የፍርድ ቤት ድምፅ ገልባጭ ነበር። ቀኑን ሙሉ የተቀረጸ ክርክር እየሰማ ቃል በቃል ይተይባል። ቤቱ ሲገባ ደግሞ እንደገና ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ጋ ይቀመጥና አልበም ያስሳል። ትሪፕ ሆፕ፣ ዳውንቴምፖ ይላቸዋል፤ ዝግ ያለ ከበሮ፣ ወፍራም ቤዝ፣ ከሩቅ የሚመጣ ፒያኖ። ደህና እየሄደ ድንገት ራፐር ብቅ ካለበት፣ «መጣ ደግሞ ሰውዬው!» ብሎ ያወጣዋል።

«የሰው ድምፅ ምን አደረገህ?» ብላው ነበር አንዴ።

«ጠግቤአለሁ እናቱ» አላት እየሳቀ።

ያቺ «ጠግቤአለሁ» ናት አሁን ደረቷ ላይ የተቀመጠችው። ከጠገባቸው ድምፆች አንደኛው የእኔው ነው፣ በቁሙ ሳደክመው ኖሬአለሁ ብላ ደምድማለች።

እንግዳው ሻይ ተሰጠውና አጠገቧ ተቀመጠ።

«እህቴ፣ ባልሽ መጀመሪያ ሱቄ የመጣ ቀን ራፕ ከፈትኩለት። ጣቶቹ ባንኮኒው ላይ ይሯሯጣሉ። ምቱን የሚመታ መስሎኝ ደስ አለኝ። ለካስ እየተየበ ነው!»

«እየተየበ?»

«ቃል ከሰማ ጣቶቹ አይታዘዙትም። ራፕ ሲሆንማ አይደርሱበትም፣ ላብ በላብ ይሆናል። ‹ወንድሜ፣ ቃል የሌለበት ፈልግልኝ፣ እጄ ይረፍ› አለኝ።»

ለቀስተኞቹ ሳቅ አመለጣቸው። እሷ ግን አልሳቀችም።

«እኔ ሳወራስ?» አለች።

«እኔም ጠይቄው ነበር። ‹ሬዲዮ አግብተህ እንዴት ትችለዋለህ?› ብዬ ቀለድኩበት። ‹እሷ ስታወራ እጄ ዝም ይላል› አለኝ። ለምን ብለው፣ ‹እኔም ይገርመኛል› አለ።»

የባሏ እጆች ዓይኗ ላይ መጡባት። ሻይዋን ይዛ ፊት ለፊቱ ስትቀመጥ ሙዚቃውን ያቆማል፣ ማዳመጫውን ያወልቃል፤ እጆቹ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተው ይቀራሉ። አንዲት ጣት ንቅንቅ አትልም። ያን ጊዜ መሰልቸት ይመስላት ነበር።

ሰዉ ቀለል ሲል ወጥ ቤት ገባች። ሲዲውን ማጫወቻው ውስጥ ከታ ማዳመጫውን ራሷ ላይ አደረገች፤ ከተጋቡ ጀምሮ አድርጋው አታውቅም። ከበሮው ቀስ ብሎ መጣ። ቤዙ እግሯ ድረስ ወረደ። ከዚያ ፒያኖው ገባና ክፍሉ ድንገት የሰፋ መሰላት፤ አፏን ይዛ ቀረች። እንዲህ ያለ ነገር በዚህች ጠረጴዛ ላይ ሲያልፍ ኖሯል! ይህን እያቆመ ነው የሽንኩርት ዋጋና የጎረቤት ወሬ ስታወራ ሲሰማት የኖረው? እንባዋ ያን ጊዜ ወረደ።

ሙዚቃው እያማረ ሄዶ ከፍ ሊል ሲል ማቆሚያውን ተጫነች። ማዳመጫውን አወለቀችና በባዶው ወንበር በኩል አስቀመጠችው። ሻይ ቀዳች፣ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ዛሬ ማን እንደመጣ ብነግርህ አታምነኝም» ብላ ጀመረች።