ቁልቁል የምትገፋው ላንድሮቨር

በ1974 ዓ.ም. ክረምቱ እንዳለፈ፣ የክትባት ቡድኑ ላንድሮቨር ቢቸና ላይ ጧት ጧት አልነሣ ትል ጀመር። ሹፌሩ ደምለው ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ እንደ ጉንፋናም ይስላል እንጂ አይቀጣጠልም። ከብዙ ሳል በኋላ አላፊ አግዳሚው ይሰበሰብና በግፊ ያስነሣታል። ግፊውም እንደ ሌላው መኪና አይደለም። ላንድሮቨሯ የምታድረው ዳገት ላይ አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጋ ስለሆነ፣ ሰው ከፊቷ ቆሞ ቁልቁል ይገፋታል። ሞተሩ የሚነሣው መኪናዋ የኋሊት ስትንደረደር ነው።

ይህ ነገር ከሁሉ አብልጦ ያስቆጣው ወጣቱን ካድሬ ጓድ አካለ ወልድን ነበር። "ሰፊው ሕዝብ ወደፊት ሲል የመንግሥት መኪና እንዴት የኋሊት ይሄዳል?" ይላል።

የቡድኑ ኃላፊ አቶ ከፋለ ለነገር የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ባትሪ ለወጡ፤ ካንዴላ አስቀየሩ፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ ደምለው ለሥራ ሞጣ ወርዶ ሲያድር መካኒኩን ኃይለ ሚካኤልን አስጠራ። ሞጣ ላይ ግን ላንድሮቨሯ ሜዳ ላይ አድራ፣ ቁልፉ ገና ሲነካ እርር ብላ ተነሣች። ደምለው አጥፍቶ ደገመው፤ ደግማ ተነሣች።

"ወንድሜ፣" አለው ኃይለ ሚካኤል እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ "ጤነኛ የምትወጉት እናንተ ናችሁ። እኔ የማክመው በሽተኛ ነው።"

ደምለው አፍሮ ተመለሰ። በማግስቱ ቢቸና ላይ ያው ሳል፣ ያው ግፊ። የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ገብረ ኪዳን ከኪዳን ሲመለሱ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙና፣ "ሰዉ ሁሉ 'ይነሣ' ይላል፤ ሹፌሩ ግን 'ይርጋ' ነው የሚለው" ብለው አለፉ።

ገፊዎቹ በሳቅ እጃቸው ዛለ። ከዳገቱ አናት፣ ልክ ከመኪናዋ ፊት ለፊት ያለው ቁርስ ቤት የይርጋነሽ ነበርና። ይርጋነሽ ባሏን ፈትታ ራሷን የቻለች፣ ምላሷ የተሳለ ሴት ናት። ጧት ጧት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወጥታ ከሰዉ ጋር ትገፋለች። ከፊት ስለሚገፋ፣ እሷ ከመስተዋቱ ውጭ፣ ደምለው ከመስተዋቱ ውስጥ፣ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ደምለው መሪውን ይዞ ያልበዋል፤ አንድ ቀን እንኳ ከ"እግዜር ይስጥልኝ" በላይ ተናግሯት አያውቅም።

ጓድ አካለ ወልድ ግን የራሱን ምርመራ ጀመረ። መኪናዋ ቀበሌው ግቢ፣ በዘበኛ ተጠብቃ እንድታድር አዘዘ። ሲነጋ ደምለው ቁልፉን አዞረ፤ ወዲያው ተነሣች።

"ተገኘ!" ብሎ ጮኸ ካድሬው። "አሻጥር ነው!"

ደምለውና ይርጋነሽ ቀበሌ ተጠሩ። አቶ ከፋለም ሹፌራቸውን ተከትለው መጡ።

"መኪናዋ ጥበቃ ሥር ስታድር ትነሣለች፤ ያንቺ በር ላይ ስታድር አትነሣም፤" አለ ጓድ አካለ ወልድ። "ምን እያደረግሽባት ነው?"

"መግፋት ነዋ!" አለች ይርጋነሽ። "እርስዎ አንድ ቀን መዳፍዎን አሳርፈውባት ያውቃሉ?"

ካድሬው ጠረጴዛውን መታ። ደምለው እሷ ስትከሰስ ሲያይ ተነሣ። "እሷን ይተዉ፤ እዚያ የማቆማት እኔ ነኝ።"

"ቆይ እስቲ፣" አሉ አቶ ከፋለ። "ሞጣ የት ነው ያቆምካት?"

"ሜዳ ላይ።"

"ትናንት ማታስ?"

"ግቢውም ሜዳ ነው።"

"ዳገቱ ላይስ?"

"አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጌ።"

አቶ ከፋለ መዳፋቸውን እንደ ዳገት አዘንብለው አሳዩ። "ቤንዚን መያዣው ከኋላ ነው፤ ሞተሩ ከፊት። ዳገት ላይ ስታድር ቤንዚኑ ቁልቁል ወደ መያዣው እየተመለሰ ይሆናል። ጧት ሞተሩ የሚስለው ጉሮሮው ደርቆ ነው።"

ካድሬው በቀላሉ አልተረታም። "እሺ፤ ሹፌር ሁሉ አፍንጫዋን ቁልቁል አድርጎ ሲያቆም፣ አንተ ለምን ወደ ላይ?"

ደምለው ኮፍያውን ጨመደደ። ወለሉን አየ፤ ጣራውን አየ። ማምለጫ አጣ።

"በሯ... እንዲታየኝ ነው።"

በር ላይ የቆመው ዘበኛ ሳቁን ዋጠ።

"የማንን በር?" አለ ካድሬው፣ እሱ ብቻ ሳይገባው።

"አይ የኔ ነገር!" አለች ይርጋነሽ ወደ ደምለው ዞራ። "ይኸን ያህል ጊዜ ጉልበቴን የጨረስኩት በሬ እንዲታይህ ነው? እግር አለህ አይደል፣ ለምን ገብተህ አትቀመጥም?"

ክሱ እዚያው ቀረ። በሳምንቱ ኃይለ ሚካኤል ከሞጣ መጥቶ የቤንዚኑን ፖምፓ ሲፈታ፣ ቤንዚን እንዳይመለስ የምትዘጋው ትንሿ ክዳን ቆሻሻ ነክሳ አገኛት። ጠረጋት፤ ሳሉም ቆመ። ደምለው ግን በዚያ ሳምንት ቁርስም ምሳም እራትም የሚበላው ይርጋነሽ ቤት ነበር።

ሽምግልና የተላከው ግንደወይን፣ አጎቷ አቶ ውበቴ ዘንድ ነው። መሪጌታና አቶ ከፋለ ሄዱ፤ ይርጋነሽ "ስሜን ያጠፋ እሱ ይካሰኝ" ስላለች ጓድ አካለ ወልድም አብሯቸው ሄደ። የሚያደርሳቸው ሌላ ሹፌር ስላልነበረ ሙሽራው ራሱ ነድቶ ወሰዳቸውና ውጭ መኪናው ውስጥ ቀረ።

ሁለቱ ሽማግሎች እንደ ወጉ ቆመው ሲለምኑ፣ ካድሬው ገብቶ ደህናው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። አቶ ውበቴ "ዘመድ እንምከርበት፤ ሌላ ቀን ተመለሱ" ሲሉ ግን ብድግ አለ።

"በአብላጫ ድምፅ ይወሰን!" ብሎ እጁን አወጣ። አቶ ከፋለ እጁን ይዘው አወረዱት።

አቶ ውበቴ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "ይኼ ልጅ የማን ነው?"

"የቄስ ወልደ ኪዳን ልጅ ነው፤" አሉ መሪጌታ።

ጓድ አካለ ወልድ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

"የቄስ ወልደ ኪዳን! የእሳቸው ልጅ ደጄን ረግጦ ባዶውን አይመለስም። በሉ ተቀመጡ፤ እህል ቅመሱ። ልጅቷንም ሰጥቻለሁ።"

ደምለው ውጭ መሪውን እንደጨበጠ ጠበቀ። ከበሩ ቀድሞ የወጣው ካድሬው ነው፤ ፊቱ እንደ ወትሮው ኮስተር ያለ ነው። ደምለው ክው አለ። ጓድ አካለ ወልድ አንገቱን በመኪናው መስኮት አስገባና፣ "ጸድቋል!" አለው።