ያልተነቀለች ክዳን

በያጁን ታናሽ ወንድሙ የሰደበው ከሁለት ዓመት ከሦስት ወር በፊት፣ ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ቦታው የወንድምየው የኮምፒውተር ሱቅ፣ ከባንኮኒው በስተግራ። የሰሙትም ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ፕሪንተር ልታሠራ የመጣች ነፍሰ ጡር፣ የሞተር ብስክሌት ቆብ ያቀፈ ጎረምሳ፣ አንድ ባለ መነጽር ሽማግሌ። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ አንገቷን ደፋች። ሽማግሌው እንዳልሰማ ሆነ። ጎረምሳው ግን እስኪያስለው ሳቀ። በያጁ የገዛ ልደቱን ቀን ይረሳ ይሆናል እንጂ ይህን አይረሳም።

ስድቡ ደግሞ እንዲህ ነበር። የመኪና እሽቅድምድም የሚጫወትበትን ኮምፒውተር ገዝቶ ሊሸከም ጎንበስ ሲል፣ «ተወው ወንድም ጋሼ፣ ከሥራ ስወጣ መጥቼ እኔ እሰካልሃለሁ። አንተ ብረት እንጂ ገመድ የት እንደሚገባ አታውቅም» አለው።

ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ያልፈው ነበር። እሱ ግን ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ጥሎ ብየዳ የገባው ይኸው ልጅ እንዲማር ነው። አባታቸው ሲሞቱ ከሁለት አንዳቸው ማቆም ነበረባቸው፤ ያቆመው እሱ ነው። ዓይኑ በብየዳ ብርሃን እያበጠ ደብተር የገዛለት ልጅ ዛሬ አፉን ሞልቶ «አታውቅም» አለው፤ ያውም በሰው ፊት! «ራሴ እሰካዋለሁ። ደጄን እንዳትረግጥ!» ብሎ ኮምፒውተሩን እንደ ሕፃን ታቅፎ ወጣ። ቤቱ ገብቶ ራሱ ሰካው። በራ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ወንድማማቾች አልተነጋገሩም።

ስክሪኑ ይብራ እንጂ ጌሙ ጌም አልሆነም። መኪናው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ይንቀጠቀጣል፤ ዛፎቹ ካርቶን ይመስላሉ፤ አንዳንዴም ሁሉም ነገር ቀጥ ብሎ ይቆምና ሲመለስ እሱ ገደል ውስጥ ነው። በያጁ ነገሩ ወዲያው ገባው፦ ወንድሙ የሸጠለት ኮምፒውተር፣ ምስሉን የሚስለው ግራፊክስ ካርዱ የሞተ ነው። ይህን ለአናጺው ነገረው፣ ለብረት ነጋዴው ነገረው፣ በር ሊያሠራ ለሚመጣ ሁሉ ነገረው። «ለገዛ ወንድሙ እንዲህ ያደረገ ለናንተማ!» ይላል፤ የብየዳ ማስኩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ።

የሚጫወተው ከልጁ ጋር ነው። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሌላ ከተማ ከእናቷና ከእናቷ ባል ጋር ትኖራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ማዳመጫቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው በኢንተርኔት ሁለት ሆነው ይሽቀዳደማሉ። «ባባ፣ በቀኝህ! ባባ፣ ፍሬን!» ትለዋለች። አንዳንዴ «ሐይቁን አየኸው? አያምርም?» ስትለው እሱ የሚያየው ግራጫ ቆርቆሮ የመሰለ ነገር ነው። «ያምራል እንጂ» ይላል። ስልክ ሲደውልላት ከሦስት ቃል በላይ የማይወጣት ልጅ እዚያ መኪና ውስጥ ወሬዋ አያልቅም። ከሳምንቱ ከልጁ ጋር የቀረችው ሰዓት ያቺ ብቻ ናት።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ከገደሉ ሲወጣ ልጁ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ባባ፣ አይከፋህም አይደል?»

«የምን መከፋት?»

«የሚመጣው ቅዳሜ ትልቁ ውድድር ነው። ካርድህን ካልቀየርክ... ጋሼ በአንተ ቦታ ይንዳ ብዬ ነው። እሱ አዲስ ገዝቷል።»

ጋሼ የምትለው የእናቷን ባል ነው። «እቀይራለሁ፤ ምን ችግር አለው!» አላት በያጁ፤ እየሳቀ።

ሳምንቱን ሙሉ ሐሳቡ አላላውስ አለው። ልቀይር ወይስ ወንበሩን ለዚያ ሰውዬ ልልቀቅ? ረቡዕ ዕለት የአንድ ግቢ በር ማጠፊያ ገልብጦ በየደ። ባለቤቱ መጥቶ አየና፣ «ጌታው፣ ይሄ በር ወደ ሰማይ ነው እንዴ የሚከፈተው?» አለው። ይህም ከስድቦቹ ተራ ተመዘገበ። ሐሙስ ወደ ሌላ ሱቅ ሄደ። ሻጯ፣ «አሁን ያለዎት ካርድ ምን ዓይነት ነው? ፓወር ሰፕላዩስ አዲሱን ይችላል?» ስትለው ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተከለ። «እንግዲያው የሸጠልዎትን ሰው ይዘው ይምጡ፣ አባት» አለችው። አባት! ገና አርባ ስድስት ዓመቱ ነው።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥርሱን ነክሶ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ወንድሙ ሱቅ ገባ። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም፤ እግዜር ይመስገን።

ወንድሙ ሲያየው ከወንበሩ ብድግ አለ። «ወንድም ጋሼ!»

«የተሻለ ካርድ ስጠኝ። ይሄ የሸጥክልኝ አይረባም።»

«ቆይ እስቲ፣ ልየው መጀመሪያ።» ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከኋላ ጎንበስ ብሎ አየ። በጣቱ አንድ ነገር ነቀለ፤ የስክሪን ገመድ ሰካ፤ አበራው፤ ጌሙን ከፈተ።

በያጁ ያየውን ማመን አቃተው። መንገዱ ዝናብ መትቶት ያብረቀርቃል። መኪናው ጥላ አላት። ሁለት ዓመት ሲነዳት ጥላ እንዳላት አያውቅም ነበር። ከመታጠፊያው ባሻገር ሐይቁ ታየ፤ ሰማያዊ ነው፤ ነፋስ ያርገበግበዋል።

«ምን ቀየርክ?»

«ምንም። ወንድም ጋሼ፣ ስክሪኑን የትኛው ላይ ነበር የምትሰካው?»

በያጁ ከላይ፣ የኪቦርዱና የማውሱ ገመዶች ከተደረደሩበት ጎን ያለውን ቀዳዳ በሙሉ ልብ አመለከተ።

«እሱ የማዘርቦርዱ፣ የዋናው ሰሌዳ ነው። የካርዱ ይኸውልህ፣ ከታች የተጋደመው። ካርዱ ተቀምጦ ነው የከረመው፤ ሥራ ሰጥተኸው አታውቅም።» ወንድሙ መዳፉን ዘረጋ። መዳፉ ላይ የጣት ጥፍር የምታህል ጥቁር የጎማ ክዳን አለች። «ክዳኗ እንኳ አልተነቀለችም።»

ክዳኗን ያውቃታል። ያኔ ሲሰካ አይቷታል። አይቶም ትቷታል። ብየዳ ያስተማረው ሰውዬ መጀመሪያ ቀን የነገረው፣ ውስጡን የማታውቀውን የተደፈነ ቧንቧም ሆነ የጋዝ ሲሊንደር አፉን እንዳትከፍት ነው። ይህን ባለመስማቱ ፊቱ የተቃጠለ ሰው በዓይኑ አይቷል። ሠላሳ ዓመት በሕይወት ያቆየችው ጥንቃቄ ናት እዚህ ጉድ የሠራችው።

ወንድሙ አልሳቀም። ቢስቅ ይሻል ነበር፤ ሳቁንም ከጎረምሳው ሳቅ ጎን ያስቀምጠው ነበር።

«አዲስ ካርድ አያስፈልግህም» አለ ወንድሙ። ክዳኗን መዳፉ ላይ ገለበጣት። «አናጺው ነግሮኛል። ብረት ነጋዴውም ነግሮኛል። ሁለት ደንበኛ አፍንጫዬ ሥር 'ለወንድሙ የሞተ ካርድ የሸጠ' ብለውኝ ወጥተዋል። ታላቄ ነህ ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ግን አንተው ንገረኝ፤ ምን በድዬህ ነው?»

መልሱ ምላሱ ላይ ነበር። ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሲያሰላስለው ኖሯል፦ ማክሰኞ፣ አምስት ሰዓት፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ባለ መነጽሩ፣ የጎረምሳው ሳቅ። አንድም አልጎደለም። ግን ያቺን ክዳን እያየ ቃሉን ሲመዝነው፣ አፉ ውስጥ እንደ ብረት ፍቅፋቂ አነሰበት። «ገመድ የት እንደሚገባ አታውቅም» ነበር ያለው። እውነትም አላወቀም።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ዘጠኝ ከሩብ ይላል። ልጁ አሥር ሰዓት ላይ ማዳመጫዋን ታደርጋለች።

«ወንድም ጋሼ?»

በያጁ ገመዱን ነቀለ። ኮምፒውተሩን ታቀፈ። ከወንድሙ መዳፍ ክዳኗን አንስቶ ኪሱ ከተተ፤ በትከሻው በሩን ገፍቶ፣ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ለመድረስ ወደ ቤቱ ገሰገሰ።