የእትዬ ዶሮና ቀዩ ትራክተር

ሰፈሩ «ጋሽ ይሁን» የሚለው ስም አጥቶለት አይደለም። ዝናብ ሲዘገይ «ይሁን»፣ ሲፈጥን «ይሁን»፣ ገበያ ላይ ሲያጭበረብሩት እንኳ «ይሁን እንግዲህ» ስለሚል ነው። ጠዋት ጸሎቱን አድርሶ ከቤት ሲወጣ ፊቱ ላይ የሚታየው ሰላም እስኪመሽ አይለቀውም። ሰው ሲያወራ ደግሞ አያቋርጥም። አገጩን በመዳፉ ደግፎ፣ የተነገረውን ብቻ ሳይሆን ሊነገር የተፈለገውንም ጭምር የሚሰማ ይመስላል። ጎረቤቶቹ «ለሱ ያወሩለት ጭንቀት ግማሹ ይቀላል» ይላሉ። የቀለለው ግማሽ የት እንደሚገባ ግን ጠይቀው አያውቁም።

ይህን ሰው ቀዩ ትራክተሩ ሊፈትነው ተነሣ።

ቀዩ ገና አዲስ ነው፤ ቀለሙ እንኳ አልደበዘዘም። የእርሻው ሰሞን ሲደርስ አንድ ጠዋት ቢያስነሣው ደጋግሞ አስነጠሰ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ግቢው መሀል ቀጥ አለ። የሰፈሩ መካኒክ መጥቶ ኮፈኑን ከፍቶ አየና ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፖምፓ መሞቱን ተናገረ። ፈትቶ ሊያየው እጁን ቢበላውም ፖምፓው ላይ ትራክተሩን የሸጠው ድርጅት ማኅተም አለ። ሌላ እጅ ማኅተሙን ከነካው ዋስትናው ቀረ ማለት ነው። መካኒኩ መፍቻውን ኪሱ ከቶ «እኔ የሰው ሚስት አላይም» ብሎ ሄደ።

ጋሽ ይሁን የራሱ ማሳ ቢዘገይ ግድ አልነበረውም፤ ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ ዝናቡ ከገባም በኋላ ይታረሳል። ያስጨነቀው የታላቅ እህቱ የእትዬ መሬት ነው። የሷ ማሳ ወንዙ ዳር ያለ፣ ዝቅ ያለ ጥቁር አፈር ነው። አንዴ ዝናብ ከጠጣ ትራክተር ቀርቶ እግርም አያስገባ። ባሏ ካረፈ ወዲህ የሚያርስላት ወንድሟ ነው። ዘንድሮ ታዲያ ቀድማ ነግራዋለች፦ ማሳው ከዝናቡ በፊት ካልታረሰ መሬቱን ለጎረቤት ትታ፣ በሯን ዘግታ፣ ከተማ ልጇ ዘንድ ልትገባ ነው። እያለቀሰች ብትናገር ይሻል ነበር። «ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ መኪና እቆጥራለሁ» ስትል እየሳቀች ነው። ጋሽ ይሁን ደግሞ እህቱን ያውቃታል፤ እትዬ የቆረጠችውን ነገር ሁሌም እየሳቀች ነው የምትናገረው። ከአጥሩ ማዶ ድምጿን ሳይሰማ የዋለበት ቀን ትዝ አይለውም። ያን ዕለት «ይሁን» አላለም።

ስለዚህ ስልክ መደወል ያዘ።

ድርጅቱ ዘንድ ስልክ የምታነሣው ልጅ መጀመሪያ ላይ ድምጿ በቴፕ የተቀዳ ይመስል ነበር። ጥያቄዎ ተመዝግቧል፣ እንደውልልዎታለን ትላለች፤ የሚደውል የለም። ፖምፓው ወደብ ላይ ነው አለች። ቀጥሎ ከወደብ ወጥቷል፣ ግን የተላከው የሌላ ትራክተር ሆኖ ተገኘ አለች። ትክክለኛው ሲመጣ ባለሙያው ሥራ ወጥቷል። ባለሙያው ሲመለስ ደግሞ የድርጅቱ መኪና ራሷ ተበላሽታ መለዋወጫ እየጠበቀች ነው። ጋሽ ይሁን ይሄኛውን ሲሰማ ሳቁ አመለጠው። ልጅቷም የተቀዳ ድምጿን ጥላ አብራው ሳቀች።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ መልኩን ለወጠ። ሌላው ደንበኛ ሰላምታውን በስድብ ሲጀምር፣ እሱ አስቀድሞ የሚጠይቃት እንዴት እንዳደረች ነው። ጥርሷን እንደሚያማት ከድምጿ ለይቶ አወቀባት። ተነቅሎ እስኪገላግላት ድረስም በደወለ ቁጥር ሳይጠይቃት አይዘጋም። በጠዋት ጸሎቱ ውስጥ እንኳ ከእትዬ ማሳ ቀጥሎ የስልኳ ልጅ ጥርስ ተራ ያዘ። እናቱ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሲሰሙ ይቆዩና «ትራክተር ሊያሠራ ነው ልጅ ሊያሳድግ?» እያሉ ለራሳቸው ያጉተመትማሉ።

እስከዚያው ቀዩም ቢሆን ሥራ አልፈታም። የታጠበ ልብስ መሪው ላይ ይሰጣበታል። ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶች በትልቁ ጎማ ጥላ ሥር ተኮልኩለው ወሬ ይሰልቃሉ። ጋሽ ይሁን ከሞተሩ ጎን ከታሠረው የመሣሪያ ሣጥን ውስጥ መፍቻዎቹን አውጥቶ ቤት አስገብቶ ስለነበር፣ ሣጥኑ ክዳኑን ከፍቶ ባዶውን ቀርቷል። አንድ ቀን ትራክተሩን ሊወለውል ጠጋ ሲል ከሣጥኑ ውስጥ ሁለት ክብ ዓይኖች አፈጠጡበት። የእትዬ ገብስማ ዶሮ ናት። ከሥሯ ደረቅ ሣር ተጎዝጉዟል፣ ሣሩ ላይ እንቁላል ታቅፋለች። እጁን ቢሰድ ነቆረችው። «ይሁን» ብሎ ተመለሰ። ቀዩ እንደሆነ የትም አይሄድ።

ሰማዩ ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ደመናው ከወንዙ ማዶ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተጠጋ መጣ። ጋሽ ይሁን ደወለ፣ እንደ ልማዱ ደኅንነቷን ጠየቃት፣ ከዚያ ደመናው የእህቱን ማሳ ሊደርስ መሆኑን ነገራት። የባለሙያዎቹን ተራ የምትወስነው እሷ እንዳልሆነች ነገረችው፤ ነገረችውና ትንሽ አሰበች።

«ጋሼ፣ ባለሙያው ሰው አይሰማም፤ እኔን ግን ይሰማኛል» አለችው። «ካልሰማኝም ስልኩን የማገናኝለት እኔ ነኝ።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ባለሙያው መጣ። የሥራ ጓደኞቹ «መብረቅ» ይሉታል። ፈጣን ስለሆነ አይደለም፤ መቼና የት እንደሚወርድ ስለማይታወቅ ነው። ይህንንም ለጋሽ ይሁንና ለእናቱ የነገራቸው ራሱ ነው፣ እየኮራ። ፖምፓውን ከነካርቶኑ ታቅፎ ወደ ቀዩ ሄደ፣ ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ።

«ጋሼ፣ እዚህ ዶሮ አለች።»

«አዎ።»

«ፖምፓው ያለው ከሷ ጀርባ ነው።»

ጋሽ ይሁን ይህን አላሰበም ነበር። ሣጥኑ የተቀመጠው ልክ የባለሙያው እጅ የሚገባበት ቦታ ላይ ነው። መብረቅ ነገሩን ቀላል አድርጎ ጓንቱን ማጥለቅ ጀመረ፤ ዶሮዋን አንስቶ ወዲያ ማስቀመጥ ነው። ጓንቱን ሳይጨርስ እናትየው ከበረንዳው ወርደው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ በሱና በትራክተሩ መካከል ቆሙ። የታቀፈች ዶሮ ከቦታዋ አትነሣም አሉ። ይህችኛዋ ደግሞ አመለኛ ናት፤ አምና ቢያዛውሯት እንቁላሏን ጥላ ዞር ብላ ሳታይ ሄዳለች። ሊፈለፈል ጥቂት ቀን ነው የቀረው፣ ይጠበቅ። መብረቅ በበኩሉ ዛሬ ካልሠራ ነገ ራቅ ወዳለ ቦታ እንደሚሄድ፣ መቼ እንደሚመለስም እንደማያውቅ ተናገረ። ይህን እንኳ እውነቱን ነበር።

ጋሽ ይሁን ደመናውን አየ፣ ዶሮዋን አየ። ስንት ጊዜ ውጦ ያስቀመጠው ሁሉ ባንዴ ገነፈለ። ጎረቤት እስኪሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ የእትዬ መሬት በእንቁላል ምክንያት ጦም ሊያድር ነው ወይ፣ አንዲት ዶሮ እህቴን ከቤቷ ልታስወጣት ነው ወይ አለ። ልብሷን ከመሪው ላይ ልትሰበስብ የመጣች ጎረቤት ደንግጣ ልብሷን ትታ ሄደች። እናቱ እስኪጨርስ ጠበቁት።

«ለድርጅቱ ይሄን ሁሉ ታግሠህ ለዶሮ አቃተህ?» አሉት።

መብረቅ ሳቁን ሊደብቅ ፊቱን ወደ ካርቶኑ አዞረ። ጋሽ ይሁን ጆሮው ጋለ። አገጩን በመዳፉ ደግፎ፣ እናቱ ያሉትን ሳይሆን ሊሉ የፈለጉትን ለመስማት ሞከረ። ሣሩን ልብ ያለው ያን ጊዜ ነው። ዳርና ዳሩ ታጥፎ፣ መሀሉ ጎድጎድ ብሎ፣ እንደ ሕፃን አልጋ የተነጠፈ ሣር ነው። ዶሮ እንዲህ አታነጥፍም። እንዲህ የሚያነጥፉ አንዲት ሴት ብቻ ያውቃል፤ እናቱን።

«እማዬ፣ ሣሩን ማን አስገባው?»

እናቱ ምርኩዛቸውን አገላብጠው አዩት።

«አንተ በስልክ ትለምናለህ፣ እኔ ስልክ የለኝም» አሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዶሮዋ እዚህ መዋል ስትጀምር እንቁላሉን ከእህትህ ቤት አንድ አንድ እያልኩ አመጣሁላት። መሬቱ ባይታረስ እንኳ፣ ጫጩት ያላት ሴት ከተማ አትገባም። ለማን ትታቸው?»

ጋሽ ይሁን ይህን ሁሉ ጊዜ እህቱን ለማስቀረት የሚሟሟተው እሱ ብቻ መስሎት ነበር። ለካ እናቱም በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው አልዋሉም፤ እሱ በፖምፓ ሲደክም እሳቸው በዶሮ ይደክሙ ነበር። አሁን ደግሞ የሱ ፖምፓና የሳቸው ዶሮ ባንድ ቦታ ተገናኝተው አላሳልፍ ተባባሉ።

መብረቅ ጓንቱን አወለቀ። ቀረብ ብሎ ሣጥኑን ከታች ከላይ አየው።

«እማማ፣ ዶሮዋ የምትጠላው ከሣጥኑ መውጣት ነው ወይስ ከትራክተሩ መውረድ?» አለ።

እናትየው አሰቡበት። ይህንን ጠይቀዋት እንደማያውቁ ተናገሩ።

እንግዲያው ይሞከር ተባለ። ሣጥኑ ከነዶሮዋ ሊፈታ ነው። እናትየው ዶሮዋ እንዳትደነግጥ በሻሻቸው ከላይ ሸፈኑላት። መብረቅ ከሥር ተንጋሎ ገባ። ቡሎኖቹ ከፋብሪካ ሲወጡ በቀለም ተጣብቀዋል፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን በመዶሻ አንድ ሁለት ብሎ ይጨርሳቸው ነበር። አሁን ግን ዘይት ጠብ እያደረገ፣ መፍቻውን በቀስታ እያዞረ፣ ከላይ «ቀስ በል አንተ ልጅ» የሚል ድምፅ በመጣ ቁጥር «እሺ እማማ» እያለ ይታገላል። ጋሽ ይሁን ሣጥኑን ከታች አቅፎ ይዟል። ዶሮዋ በሻሹ ሥር ጣቱን አግኝታዋለች። በነቆረችው ቁጥር «ይሁን» ይላል፤ ከሰሞኑ ሁሉ ከልቡ ያለው ይሄኛውን ነው።

የመጨረሻው ቡሎን ሲለቅ ሣጥኑ እቅፉ ላይ ወረደ። እናትየው ከፊት፣ ጋሽ ይሁን በመሀል፣ መብረቅ ከኋላ እጁን ዘርግቶ፣ ውሃ የሞላ ገንቦ እንደያዘ ሰው እየተራመዱ በረንዳው ጥግ ደረሱ። ሣጥኑን አስቀመጡ፣ ሻሹን ገለጡ። ዶሮዋ ብድግ አለች። ጋሽ ይሁን ከልጅነቱ ጀምሮ ስንት ነገር ፈጣሪውን ለምኗል፣ ለዶሮ ሲለምን ግን የመጀመሪያው ነው። እሷ አንገቷን አዙራ በረንዳውን ቃኘች። ከዚያ እንቁላሎቹን ባፏ ገለባበጠችና ላባዋን ነፍታ ተቀመጠች።

ልክ ያን ጊዜ እትዬ በአጥሩ በር ብቅ አለች። ዶሮዋን ያየ እንዳለ ልትጠይቅ ነበር የመጣችው። ሦስት ትልልቅ ሰዎች አንድ ሣጥን ከበው ተንበርክከው ብታይ ጥያቄዋን ረሳችው። «ምን ሆናችኋል?» አለች። መብረቅ ጉልበቱን እያራገፈ ተነሣና «ጥገና ላይ ነን» አላት።

ፖምፓውን መቀየሩ ከሣጥኑ ቀለለ። ቀዩ አንዴ አስነጥሶ ሲነሣ ዶሮዋ ከበረንዳው አንገቷን ብቻ ቀና አደረገች። ጋሽ ይሁን ምሳ ብላ ቢሉትም አልሰማ፤ ማረሻውን አስሮ በቀጥታ ወደ ወንዙ ዳር ነዳ። ቸኩያለሁ ሲል የነበረው መብረቅ ማሳው ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲያይ ዋለ። ጥቁሩ አፈር ከማረሻው ሥር እየተገለበጠ ሲወጣ ደመናው ከላይ ይከተለዋል፤ ማን እንደሚቀድም እሽቅድምድም ይመስላል። የመጀመሪያዋ ጠብታ ትኩሱ ኮፈን ላይ ወርዳ «ችስ» ስትል ጋሽ ይሁን የመጨረሻውን ዙር ጀምሯል። ጨርሶ ወደ መንገዱ ሲወጣ ዝናቡ ዶፍ ሆነ።

እትዬ ጆንያ ተከናንባ መንገዱ ዳር ቆማለች። ሞተሩን አጠፋና የምትለውን ጠበቀ። እሷ ግን ማሳውን ነበር የምታየው።

«ዘሩን የት እንዳስቀመጥኩት ረስቼዋለሁ እኮ» አለች፤ እየሳቀች።

እየሳቀች መሆኗን ሲያይ ጋሽ ይሁን ፊቱን በእጁ ጠረገ። ዝናብ ስለሆነ ምን እንደጠረገ ማንም አላወቀበትም።

ጫጩቶቹ ከዝናቡ ቀጥለው መጡ፤ ሣጥኑ ሞልቶ ተረፈ። እትዬ ጠዋት ማታ መኖ ይዛ ትመላለሳለች። የከተማውን ፎቅ ያነሣባት የለም፣ እሷም አላነሣችው። በቆሎዋ ቁርጭምጭሚት ሲደርስ አንድ ከሰዓት በኋላ የድርጅቱ መኪና ማንም ሳይጠራት ግቢው ውስጥ ገባች። መብረቅ ወረደ። ከሱ ጎን ደግሞ አንዲት ወጣት ሴት ወረደች፤ «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?» ስትል ጋሽ ይሁን ከድምጿ ለያት። ጥርሷ እንዴት እንደሆነ ጠየቃት፤ ከት ብላ ስቃ የተነቀለበትን ቦታ አሳየችው።

መብረቅ ጉሮሮውን አጠራና ሥራውን አስረዳ። የመሣሪያ ሣጥኑን ወደ ቦታው ሊመልስ ነው፤ በድርጅቱ ደንብ ትራክተር ያለ ሣጥን መሄድ የለበትም። ይህን ሲል ዓይኑ ጫጩቶቹ ላይ ነው።

እናትየው ከበረንዳው አልተነሡም። ጫጩቶቹ ሲመሽ የሚገቡት ገና እዚያ እንደሆነ፣ ስለዚህ ዛሬ እንደማይመች ነገሩት። እንግዲያው መቼ ልመለስ ብሎ ጠየቀ።

«ጥያቄህ ተመዝግቧል» አሉት። «እንደውልልሃለን።»

የስልኳ ልጅ በሳቅ መኪናው ላይ ተደገፈች። እትዬ ከአጥሩ ማዶ «ደግሞ ምን ተገኘ?» እያለች መኖውን በጉያዋ ይዛ መጣች፤ ጋሽ ይሁንም ለእንግዶቹ ወንበር ሊያመጣ ወደ ቤት ገባ።