የጀማነህ ግማሽ ሜትር

ገብረየስ ሃያ ስድስት ዓመት መሬት ሲቀይስ የኖረ ሰው ነው። የሌላ ሰው ልኬት ሳያረጋግጥ ፈርሞ አያውቅም፤ ይህንንም ሳይጠየቅ ለሰው ሁሉ ይናገራል። አሜሪካ መጥቶ ግሮቭ ሲቲ በሚባል ከተማ ዌርሃውስ ሲሠራ እንኳ የመደርደሪያ መዛነፍ እያወጣ ሱፐርቫይዘሩን ያስመርር ነበር። ግላኮማ ዓይኑን ከወሰደበት ወዲህ ግን ሚስቱ ጽጌረዳ ሻይ የምትቀዳለት፣ መንገድ የምታሻግረው ሰው ሆነ። ስለዚህ በ2022 ሰመር ለዓይነ ስውራን የሚዘጋጀውን ሎን ቦውልስ ሲጀምር፣ ማንም ሳያግዘው የሚሠራው አንድ ነገር አገኘ።

ጨዋታው ከባድ ኳስ ሳር ላይ አንከባልሎ ርቃ ወደተቀመጠች ትንሽ ነጭ ኳስ ማስጠጋት ነው። አቅጣጫውን ከእግሩ ሥር እስከ ወዲያ ጫፍ የተወጠረ ገመድ ይነግረዋል። ርቀቱን የሚነግረው ደግሞ ወዲያ ጫፍ የሚቆመው ጀማነህ ነው፤ ከቸርች የሚያውቀው፣ ኡበር የሚነዳ የአርባ ዓመት ሰው።

"ስንት ቀረ?" ይላል ገብረየስ።

"ግማሽ ሜትር ቢሆን ነው፣ ጋሼ።"

"ቢሆን ነው አይባልም። ስንት?"

"ግማሽ። እርስዎ እኮ ተሰጥኦ አለዎት።"

ሁለት ወር ሙሉ ቁጥሮቹን በጭንቅላቱ መዘገበ፤ አማካይም አወጣላቸው። ስልሳ ሁለት ሳንቲ ሜትር።

"ዓይን ያላቸውም ይህን ያህል አያስጠጉም" አላት ጽጌረዳን እራት ላይ።

"ዛሬ ሶፋውን ሁለቴ ገጭተኸዋል" አለችው።

ለውድድር ወደ ሲንሲናቲ ለሚሄደው ቡድን አንድ ሰው ይፈለግ ነበር። ከአራት ኳስ ሁለቱን ከነጯ በሁለት ሜትር ውስጥ ያሳረፈ ይገባል። በፈተናው ቀን አሰልጣኟ ዳያን ራሷ ወዲያ ጫፍ ቆመች፤ ጀማነህ ገብረየስ አጠገብ ቀረ። ገብረየስ በለመደው ጉልበት ለቀቀ።

"አሥራ አምስት ጫማ ይቀረዋል" አለች ዳያን በእንግሊዝኛ።

በጭንቅላቱ ወደ ሜትር ቀየረው፤ አራት ሜትር ከሃምሳ ሰባት። "ሴትዮዋ መለካት አትችልም" አለ ገብረየስ። ጀማነህ ሁለተኛውን ኳስ አቀበለው።

ሁለተኛውን ኳስ አሥራ ስድስት አለችው። ገብረየስ ሊያረጋግጥ ተነሣ። እርምጃው ሰባ አምስት ሳንቲ ሜትር ነው፤ በዚህ ይኮራል። ገመዱን በእግሩ እየዳበሰ ኳሱ ዘንድ ደረሰና ከዚያ እስከ ነጯ ቆጠረ። ስድስት እርምጃ ተኩል፤ ልክ እንዳለችው።

"ጀማነህ።"

"አቤት፣ ጋሼ።"

"ግማሽ ሜትር ስትለኝ ስንት ነበር?"

"ለእርስዎ እንዴት ብዬ አምስት ሜትር ልበል? ታላቄ ነዎት።"

ገብረየስ ተስፋ አልቆረጠም። ቋሚ ስህተት በስሌት ይታረማል። "ሁልጊዜ በአሥር እያካፈልክ ነው?"

"አይ፣ እንደ ቀኑ ነው። ደክሞዎት ካየሁ የበለጠ እቀንሳለሁ።"

እንግዲህ ስልሳ ሁለት ሳንቲ ሜትር የጀማነህ ደግነት አማካይ ነበር፤ ያንን ሳያረጋግጥ የፈረመውም ራሱ ገብረየስ። ሦስተኛውን በንዴት ለቀቀው፤ ኳሱ ነጯን አልፎ ጠርዙ ላይ ካለው ቦይ ገባ። አራተኛው ሦስት ጫማ ተባለ። አላመነም፤ ሄዶ ቆጠረ። አንድ እርምጃ ከትንሽ። እውነት ነበር፣ ግን አንድ ብቻ ነበር። ቦታውን የሰባ ስምንት ዓመት አሮጊት ወሰዱት።

"በመስከረም ሌላ ጉዞ አለ" አለችው ዳያን።

ረቡዕ በጀማነህ ፋንታ ወዲያ ጫፍ ጽጌረዳ ቆመች። በዕረፍቷ ቀን መምጣቷን ሁለቴ አስታውሳዋለች። ገብረየስ ኳሱን ለቀቀ።

"ስንት?"

"ከኔ ይልቅ ላንተ ይቀርባል።"

"ቁጥር ንገሪኝ።"

ስትራመድ ሰማት። "አሥራ ዘጠኝ እርምጃ። በኔ ነው፤ ባንተ አይደለም።"

"ያንቺ እርምጃ ስንት ሳንቲ ነው?"

"ሠላሳ አንድ ዓመት አብረኸኝ ስትሄድ አልለካኸውም?"

አልለካውም ነበር። በእጁ የያዘውን ሁለተኛ ኳስ መሬት አስቀመጠና ገመዱን በእግሩ እየዳበሰ እርምጃዋን ሊለካ ወደ እርሷ ሄደ።