በዲስኩ ፋንታ የመጣው ፎጣ

እስከዚያ ዓመት ግንቦት ድረስ በፔንግ ዩላን መደርደሪያ ላይ አሥራ አንድ ዲስኮች ተጠራቅመው ነበር። ቺፕ የሚሠራባቸው፣ እንደ መስታወት የሚያበሩ፣ የመዳፍ ስፋት ያላቸው ስስ ክቦች ናቸው። ታይዋን ውስጥ ሺንቹ ከተማ ያለው ቺፕ አምራች ኩባንያ በምርመራ የወደቁትን ዲስኮች አይጥላቸውም፤ በእንጨት መቆሚያ ላይ እየሰካ በየዓመቱ ጉባኤ ለባለአክሲዮኖቹ በመታሰቢያነት ያድላቸዋል። ሌላው ኩባንያ ጃንጥላ ወይም የሩዝ ሳህን ይሰጣል። ይህኛው የሚሰጠው ከውድቀቱ ነበር።

ዩላን ጡረታ እስክትወጣ ሃያ ሰባት ዓመት በሌንስ ፋብሪካ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ ጭረት ስትፈልግ ኖራለች። እያንዳንዱን ዲስክ መርምራ ያየችውን ከመቆሚያው ሥር በእርሳስ ጽፋለች። የመጀመሪያው ከጠርዝ እስከ መሃል የተሰነጠቀ ነው። በአምስተኛው ስንጥቁ ከጠርዙ ሦስት ሚሊሜትር አላለፈም። የአሥራ አንደኛውን እንከን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጅቶባታል። የአክሲዮኑ ዋጋ ግን በነዚህ ዓመታት ሲወርድ እንጂ ሲወጣ አልታየም።

አክሲዮኑን ከታናሽ እህቷ ከጂንፌንግ ጋር የገዙት ለእርጅና ያስቀመጡትን ሁሉ አዋጥተው ነው። ያን ጊዜ አንድ ደንብ አውጥተዋል፤ ኩባንያው ዲስክ መስጠት ያቆመ ዕለት ያለ ክርክር ይሸጣሉ። ይህን እንኳ ያቃተው ድርጅት ሌላውም አቅቶታል ብለው ነው።

በአሥራ ሁለተኛው ጉባኤ በር ላይ የታደለው ነጭ ፎጣ ነበር።

«እንባችንን እንድንጠርግበት ነው፣ እትዬ?» አለች ጂንፌንግ።

ከኋላቸው የቆሙ አዛውንት ከሦስት ኩባንያዎች ጉባኤ የለቀሙትን ስጦታ በከረጢት ይዘዋል። ባለፈው ዓመት የሩዝ ማብሰያ የሰጣቸው ኩባንያ በስድስት ወሩ እንደተዘጋ አወሩላቸው፤ ፎጣ የሰጠ ቢያንስ አቅሙን ያውቃል ብለው ሳቁ። ጂንፌንግ አልሳቀችም። ስልኳን አውጥታ የመሸጫውን ገጽ ከፈተች። ደንብ ደንብ ነው አለች፤ ገበያው ደግሞ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል።

ዩላን ፎጣውን በጣቶቿ መሃል እያሸች ነበር። ጥሩ ጥጥ ነው። ግራ የገባትም ይኸው ነው፤ የወደቀ ዲስክ በነፃ እያለው፣ ገንዘብ ያጠረው ኩባንያ ፎጣ የሚገዛው ለምንድን ነው?

«አንድ ጥያቄ ልጠይቅ» አለቻት። «መልሱ ካልጣመሽ እዚያው ወንበርሽ ላይ ሽጪው።»

አዳራሹ ውስጥ ሌሎች ስለ ኪሳራውና ስላልተከፈለው የትርፍ ድርሻ ጠየቁ። ተራዋ ሲደርስ ዩላን ተነሥታ ዲስኮቹ የት እንደሄዱ ጠየቀች። የቦርዱ ሰብሳቢ ፊታቸው ቀላ፤ ስለ ስጦታው ይቅርታ ጠይቀው ማይክሮፎኑን አጠገባቸው ላለችው መሐንዲስ አሳለፉ።

«አልበቁንም» አለች መሐንዲሷ። «እናንተ አራት ሺህ ስልሳ ናችሁ። በዓመቱ የወደቁት ዲስኮች አንድ ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ብቻ ናቸው።»

አንድ ሰው ታዲያ ለምን ዕጣ አላወጣችሁም ብሎ አጉረመረመ። ዩላን አልተቀመጠችም። ባለፈው ዓመትስ ስንት ወደቀ አለች። ከአምስት ሺህ በላይ፣ አለች መሐንዲሷ። የተመረተውስ ቀንሶ ነው? የለም፣ እንዲያውም በጥቂቱ ጨምሯል።

ጂንፌንግ ጣቷን ከስልኩ በላይ እንዳንጠለጠለች ወደ እህቷ ዞረች። «ይሄ ጥሩ ነው መጥፎ?»

«እኛ ፋብሪካ የሌንስ መጣያው ባዶ የሆነ ዕለት አለቃችን ምሳ ይጋብዘን ነበር።»

ጂንፌንግ ስልኳን በፎጣው ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «እንግዲያው ደንቡን እንገልብጠው። ዲስክ የሰጡን ዕለት እንሸጣለን።»

የዚያን ቀን አክሲዮኑ ሁለት በመቶ ወርዶ ተዘጋ። በዓመቱ ሳሙና ታደለ፤ ዩላንም ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች። የወደቁት ዲስኮች አራት መቶ ስድስት ነበሩ፤ የአክሲዮኑ ዋጋ ደግሞ ከገዙበት አሁንም በአሥራ ዘጠኝ በመቶ ያንስ ነበር።