ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ

«ቢጫውም ሰማያዊውም ሳሙና ከአንድ ገንዳ ነው የሚቀዳው ይላሉ ሰዎች።»

እትዬ ሽቦ ይህችን ወሬ ሳይናገሩ የዋሉበት ቀን ትዝ አይለኝም። የረጋውን ሳሙና በቀጭን ሽቦ የሚቆርጡልኝ ሴት ናቸው፤ ቅጽል ስማቸውም ከዚያው የመጣ ነው። ሽቦውን በሁለት እጃቸው ወጥረው ወደ ታች ይስባሉ፤ ቁራጩ ዱብ ሲል ወሬዋም አብራ ዱብ ትላለች። እኔም በየቀኑ እስቅባቸው ነበር።

ለምን አልስቅ? አገር ያወቀው ጠብ ነው። ቢጫው በሬዲዮ «ልብስ የማያሳሳው» ብሎ ካስነገረ፣ ሰማያዊው በማግስቱ «እነዚያ ያሳሳሉ» ይላል። በጎረቤቴ ቤት ባልና ሚስት በዚህ ተኮራርፈው ሰንብተዋል፤ እሱ የቢጫ፣ እሷ የሰማያዊ። ሱቅ ገብቶ ዝም ብሎ ሳሙና ስጠኝ የሚል የለም፣ ቀለሙን ይጠራል። በሁለቱ መሐል ደግሞ የእኔ ነጩ ነበር፤ ስድስት ሴቶች፣ አንድ የቆርቆሮ ክፍል፣ ሦስት በርሜል። እናቴ በድስት የጀመረችውን እሷ ካለፈች በኋላ እዚህ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ኬሚስትሪውን ማንም አላስተማረኝም። አሮጌ መጻሕፍት እየገዛሁ፣ ክንዴን ሁለቴ አቃጥዬ ራሴ ተማርኩት።

አንድ ሰኞ ጠዋት አስመጪው ለአንቺ ኮስቲክ ሶዳ የለም አለኝ። ያለ ሶዳ ሳሙና የለም፤ ዘይት ይዞ መቀመጥ ነው። አገሩ ትንሽ ስለሆነ ሶዳ የሚያስመጣው እሱ አንድ ሰው ብቻ ነው። ከጀርባው ከረጢቱ እስከ ጣሪያ ተደርድሮ እያየሁት ነው የለም የሚለኝ። ስወጣ አንድ ጫኚ ጠጋ ብሎ፣ ሁሉም በቢጫው ትእዛዝ ተይዟል፣ ለአንቺ እንዳይሸጥም ተነግሮናል አለኝ።

ማልቀስ አልችልበትም። የንግድ ውድድር ሕጉን ፎቶኮፒ አስደርጌ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አነበብኩት። ከዚያ በኋላ ጠበቃ ምን ያደርግልኛል? ቢጫው በገበያው ላይ ባለው የበላይነት ሶዳ አስከለከለኝ የሚል አሥራ አንድ ገጽ ማመልከቻ ለውድድር ቢሮው ራሴ ጻፍኩ። ስጽፍ እትዬ ሽቦ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ አጠገቤ ቆሙ። ያቺኑ ወሬ አስገቢያት፣ እውነት ትሁን ውሸት እነሱ ያጣሩት አሉኝ። የመንደር ወሬ ይዤ የተማረ ሰው ፊት ልቀርብና ይሳቅብኝ? እንዲያውም አዋቂነቴን ላሳይ ብዬ ገጽ ሰባት ላይ፣ «ቢጫውና ሰማያዊው በምንም የማይገናኙ፣ ብርቱ ተፎካካሪዎች መሆናቸው ይታወቃል» ብዬ አሰመርኩበት።

የውድድር ቢሮው አንድ ያረጀ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሁለት ክፍል ነው። መርማሪው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚፈልገው ዓይነት ሰው ነው። ውሳኔውን ቆሜ አነበብኩት። በሕጉ አንድ ድርጅት የበላይ የሚባለው የገበያውን አርባ በመቶ ሲይዝ ነው። ቢጫው ሠላሳ ስምንት ይዟል፣ ሰማያዊው ሠላሳ አምስት፤ የቀረው ከውጭ የሚገባውና የእኔ ጥቂት ነው። ቢጫው ብርቱ ተፎካካሪ እንዳለው አመልካቿ ራሷ በገጽ ሰባት አረጋግጣለች፤ ስለዚህ መዝገቡ ተዘግቷል ይላል። የራሴ ዓረፍተ ነገር፣ ከነመስመሩ፣ እኔኑ ሲቀብረኝ አየሁ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መልሼ አስቀመጥኩት።

መርማሪው አዘነልኝ መሰለኝ፣ ወንበር ሳበልኝ። እንደኛ ባለ ትንሽ ገበያ ሁለት ትልልቅ ፋብሪካ መኖሩም አንድ ነገር ነው፤ አንዱን ያለ ማስረጃ ብንነካውና ቢዘጋ ሰው ምን ሊመርጥ ነው አለኝ። አዲስ ማስረጃ ካገኘሽ መዝገቡን ማስከፈት ትችያለሽ፣ ግን ሕጉ የሚቀበለው አምራችን ብቻ ስለሆነ ፈቃድሽ በእጅሽ እስካለ ድረስ ነው አለኝ።

ሦስት ሳምንት በርሜሎቹ ደርቀው ከረሙ። በአራተኛው የሰማያዊው ሥራ አስኪያጅ ከነሽቶው መጣ። ሳሙና የማረጋባቸውን ፎርማዎቼን፣ ማህተሜን፣ የነጩን ስም ልግዛ አለ። ነጩ መመረቱ አይቀርም፣ ሴቶቹም እኛ ጋ ይቀጠራሉ ብሎ ቃል ገባ። እትዬ ሽቦ ሌላው ሁሉ ሲደሰት፣ እኔ እዚያ አልሄድም፣ አንቺም አትፈርሚ አሉና ያቺን ስለ ገንዳ የምታወራ ወሬያቸውን ደገሟት።

«እትዬ፣ እኔ በወሬ አልነግድም» አልኳቸው፤ ሴቶቹም ሳቁ።

ለሰማያዊው የሸጥኩት ስላመንኩት ብቻ አልነበረም። እኔ ከወደቅኩ አይቀር ቢጫውን የሚጥለው ጠላቱ ነጬን ይዞ ይነሳበት ብዬ ነው። ሐሙስ ፈረምኩ። አርብ የንግድ ፈቃዴን መለስኩ፤ አምስት ዓመት ሳሙና ላላፈላም ቃሌን ሰጠሁ።

በሳምንቱ የነጩን አቀማመም ላሳያቸው የሰማያዊው ፋብሪካ ገባሁ። ቤት የሚያህል አንድ ገንዳ ይንተከተካል። አንድ ሰው መሰላሉ ላይ ቆሞ ቀለም ይበጠብጣል። ቀለሙ ቢጫ ነው። መጀመሪያ ሰማያዊው መልኩን ሊቀይር መሰለኝ። ዞር ስል ግድግዳውን ተደግፈው ካርቶኖች ተደርድረዋል፤ ግማሹ ላይ የቢጫው፣ ግማሹ ላይ የሰማያዊው ማህተም።

ቢጫው እዚህ ምን ይሠራል አልኩት የሠራተኞቹን አለቃ። ሰውየው አልደበቀኝም፤ የሚደበቅ ነገር መሆኑም አልገባውም።

«የት ይሠራ ታዲያ? የቢጫው ግቢ እኮ መጋዘን ነው።»

ነጩንስ መቼ ልትሠሩት ነው አልኩት። ነጭ የሚባል ፕሮግራም አልደረሰንም አለኝ። ፎርማዎቼ በሩ ሥር ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ተከምረው ነበር።

ወደ ቢሮው በምን እግሬ እንደደረስኩ አላውቅም። ስነግረው መርማሪው መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ዓይኑ ላይ አደረገ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ሠላሳ ስምንትና ሠላሳ አምስት፣ ሰባ ሦስት፣ አለ ለራሱ። ከዚያ ፈቃድሽን አሳዪኝ አለኝ። ከእኔ በኋላ በገበያው የቀረ ሌላ አምራች የለም፤ ስለዚህ ማመልከት የሚችልም የለም። መዝገቡ ክፍት በነበረበት ጊዜ ቢሆን፣ በዓይኑ ያየ አንድ ሠራተኛ ቃሉን ሰጥቶ በጣቱ ቢፈርም፣ በማግስቱ ገብተን እንፈትሽ ነበር አለ።

ወደ ቆርቆሮው ክፍል ስመለስ ሴቶቹ ሄደዋል። እትዬ ሽቦ ብቻቸውን ወለሉን ይፍቃሉ። ያየሁትን ነገርኳቸው። ይደነግጣሉ ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ቀና እንኳ አላሉም፣ መፋቃቸውን ቀጠሉ። ደግሜ የደነገጥኩት እኔው ነኝ። ስቀጥራቸው ቀድሞ የት ይሠሩ እንደነበር አልጠየቅኳቸውም፤ ወሬውን ከማን እንደሰሙም ጠይቄያቸው አላውቅም። አሁን ጠየቅኋቸው።

«ከማንም አልሰማሁ» አሉ። «ሲያሰናብቱን እንዳንናገር በጣታችን አስፈርመውናል፤ ለዚያ ነው ሰዎች ይላሉ የምለው። እዚያ ገንዳ ሥር አራት ዓመት ቆርጫለሁ፤ ጠዋት ቢጫ፣ ከሰዓት በኋላ ሰማያዊ።»